በሦስተኛው ጣቢያ የተገኘችው ዓሣ

ዓሣ አልበላም። ግብዣ ላይ ሰው ሲያስጨንቀኝ «ሆዴ አይቀበለውም» ብዬ እገላገላለሁ። ለባለቤቴም ስንጋባ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ዓሣ በቀረበበት ገበታ ሁሉ «እሷን ተዉአት፣ ሆዷን ያማታል» እያለ ሲከላከልልኝ ኖሯል፣ የኔ የዋህ። ሆዴ ግን ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ያኔ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። እኔና አባዬ ወንዝ ዳር፣ የዓሣ ምርምር ቅርንጫፍ በምትባል ቤት ውስጥ ብቻችንን እንኖራለን። ቅርንጫፍ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ከጎኗ አንዲት የመረብ ማስቀመጫ፣ ከፊቷ ግንድ ላይ የታሰረች ጀልባ፣ በቃ ይኸው ነው። አንደኛዋ ክፍል መኝታችን ናት። ሁለተኛዋ ቢሮ ትባላለች፤ ግድግዳዋን ሙሉ መደርደሪያ ይዞት፣ በየብልቃጡ ውስጥ ዓሦች ቆመው ያፈጡብኛል። እንዳይበሰብሱ የሚነከሩበት መድኃኒት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። አባዬ እጁን በሳሙና ቢፈትገው ቢፈትገው ያ ሽታ አይለቀውም ነበር። በዚያው እጁ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ይጎነጉንልኛል። ሙያው ስላልሆነ ጉንጉኑ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይፈታል። «ዓሣ ነሽ እንዴ፣ ከእጄ የምታመልጪው!» ይለኛል። እኔ ሳቄን ሳልጨርስ እሱ ሥራው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

በአካባቢው ልጅ የሚባል አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ «በሚመጣው ዓመት» እባላለሁ፤ የሚመጣው ዓመት ሲመጣ እንደገና «በሚመጣው ዓመት» እባላለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባዬ ነው፤ እሱንም በዓሣ ስም። ከአባዬ ሌላ በየቀኑ የማየው ሰው ጀልባ ቀዛፊው ብቻ ነበር። ጭምቱ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው፤ ሰውዬው አፉ ለአንድ ደቂቃ አይዘጋም ነበርና። እኔ «ጋሼ ጭምቱ» እለዋለሁ፤ እሱና አባዬ እኔን «አጅሪት» ይሉኛል። ታዲያ ከ«እንዴት አደርሽ አጅሪት» በኋላ የጋሼ ጭምቱ ወሬ ሁሉ ከአባዬ ጋር ነው። ከልጅ ጋር ምን ይወራል? እኔ ከብልቃጦቹ ጋር አወራለሁ።

አባዬ የዓሦች ስም ጠሪ ይመስለኝ ነበር። ወንዙን አምስት ጣቢያ አድርገው ከፍለውታል። አንደኛው ላይ፣ ምንጮቹ አጠገብ ነው። ሦስተኛው ከቆዳ ፋብሪካው ቱቦ በታች ነው። አምስተኛው ከታች ድልድዩ ጋ ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ፣ በየጣቢያው እኩል ርዝመት ያለው መረብ አመሻሽ ላይ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይነሣል። መረቡ ውስጥ የተገኘው ዓይነት በቅጹ ላይ «አለ» ይባላል፤ ያልተገኘው «የለም» ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱ ዓሣ ይመዘናል፣ ይለካል፣ ሆዱ ተከፍቶ ምን እንደበላ ይታያል። አባዬ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። «መረብ ውስጥ የገባ ሁሉ ይጻፋል» ይላል። አንድ ጊዜ አሮጌ ጫማ ገብቶ እሱንም ጽፎታል፤ ጋሼ ጭምቱ «ሆዱንስ አትከፍተውም?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅበት ዋለ።

ውኃውንም ይለካል። ሙቀቱን በቴርሞሜትር፣ ኦክስጅኑን በጠርሙስ እየቀዳ። ደግሞ በገመድ የታሰረ ነጭና ጥቁር የተቀባ ሳህን ነበረው፤ እሱን ወደ ውኃው ያወርድና ሳህኑ ከዓይኑ ሲሰወር ገመዱን ለክቶ ይጽፋል። እኔ ወንዙን የሚያበላው ይመስለኝ ነበር። ሁልጊዜ ባዶ ሳህን ማቅረቡ ግን አይገባኝም። የውኃ ጥራት መለኪያ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንደኛው ጣቢያ ላይ ሳህኑ ሁለት ሜትር ወርዶም ይታያል፤ ሦስተኛው ላይ ክንድ እንኳ ሳይወርድ ይጠፋል። ከፋብሪካው ቱቦ የሚወጣው ውኃ አንዳንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንዳንድ ቀን ቡናማ ነበር። እኔ ቀለሙ ደስ ይለኛል፤ «ወንዙ ዛሬ ልብስ ቀየረ!» ብዬ እየሮጥኩ እነግረዋለሁ። ወንዙ ልብስ በቀየረ ቀን አባዬ ምሳውን አይጨርስም።

አንደኛው ጣቢያ አሥራ አራት ዓይነት ዓሣ ነበረው። ሦስተኛው ድሮ ዘጠኝ ነበረው አሉ፤ እኔ ስደርስ ስድስት ሆኗል፣ ቀጥሎ አራት። መጀመሪያ የቀረችው ቀይ ክንፍ ናት። ከጣት እምብዛም የማትረዝም፣ ጀርባዋ ብርማ፣ በሁለት ጎኗ ያሉት ክንፎቿ የበሰለ በርበሬ የመሰሉ ዓሣ ናት፤ ንጹሕና የሚንቀሳቀስ ውኃ ካላገኘች ውላ አታድርም። አምባዛ ምን ቸገረው፣ እድፉንም ጭቃውንም እየጠጣ ይወፍራል። አባዬ በሦስተኛው ጣቢያ ቅጽ ላይ በቀይ ክንፍ አንጻር «የለም» ብሎ የጻፈ ዕለት ወሬ የለም፣ ጨዋታ የለም፤ እራታችንን እንደ እንግዳ ተያይተን እንበላለን። እኔም ከዚህ ተነሥቼ ነገሩን አገኘሁት፦ አባዬ የሚፈልገው ቀይ ክንፍ እንድትመጣ ነው። ማዘኑ እውነት ነበር። የሚፈልገው ግን እኔ ያልኩትን አልነበረም።

የዚያን ዓመት አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ከከተማ መጣች። ቢሮው ውስጥ አፍንጫዋ ላይ መሐረብ ይዛ ብልቃጦቹን ዞራ አየች።

«ልጅቷን ስጠኝ» አለችው ማታ፣ እኔ አልጋው ላይ የተኛሁ መስዬ ዓይኔን ጨፍኜ። «ከሞተ ዓሣ ጋር እያወራች አድጋ ምን ልትሆን ነው? አንተ እንደሆንክ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ወዲያ ይልኩሃል። ያኔ ምን ታደርጋታለህ? በብልቃጥ ታስቀምጣታለህ?»

«እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ታገሺኝ» አላት።

«ስንት ጊዜ ልታገሥ?»

«ይቺን ሥራ ልጨርስ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን ስሰማ ሮጬ መረብ ማስቀመጫው ውስጥ እደበቃለሁ። እናቴን የወሰዷት በመኪና ነበር፤ አክስቴም የመጣችው በመኪና ነው።

ከወር በኋላ ደግሞ የአባዬ ኃላፊ መጣ። ጫማው ስለሚጠበው ገና ከመኪናው ሲወርድ ማሰሪያውን የሚፈታ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ጋሼ ጭምቱ ጀልባዋን ገልብጦ ሚስማር ይመታል። እኔ ከግድግዳው ጀርባ፣ መረቦቹ ሥር ተወሽቄ እሰማለሁ።

«ባለፈው ዓመት የለችም። ካቻምናም የለችም» አለ ኃላፊው። «ዘንድሮም ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ካልተገኘች አለቀ። ከዚያ ወዲያ አንተን እዚህ የሚያቆይህ ነገር የለም።»

«ልጅቷስ?» አለ አባዬ።

«ለልጅቷማ የሚሻላት ከዚህ መውጣቷ ነው!»

አባዬ የመለሰውን የጋሼ ጭምቱ መዶሻ ዋጠብኝ። ብቅ ብዬ ሳይ ኃላፊው የአባዬን ትከሻ መታ መታ እያደረገ ይስቃል፤ አባዬም ፈገግ ብሏል። ይሉኝታ ነው አልኩ። በማይወደው ሰው ፊት እንኳ ፈገግ ማለት ያውቅበታል አባዬ። ቀይ ክንፍ ካልተገኘች ይህ ቤት ይዘጋል፤ አባዬን ወደ ሩቅ ይልኩታል፤ እኔን አክስቴ በመኪና ትወስደኛለች። እንዲህ ነው የገባኝ። ሌላ ምን ሊገባኝ ይችላል? ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያለኝ ሰው አንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኛዬ መናገር አለብኝ። ከቤታችን ወደ ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ድሮ ለጡብ የሚሆን ሸክላ ሲቆፈርበት የነበረ ጉድጓድ አለ። ከጎኑ ቀጭን ምንጭ ይገባበታል። በዝናቡ ወቅት ወንዙ ሞልቶ እዚያ ድረስ ይደርሳል፣ ሲመለስ አንዳንድ ዓሣ ረስቶ ይሄዳል። በዚያ ዓመት የተረሳችው አንዲት ቀይ ክንፍ ናት። ግራ ክንፏ ጫፉ ላይ ተቀዷል። አገኘኋትና ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር አባዬ ይመዝናታል፣ ይለካታል፣ ሆዷን ይከፍታታል።

በየቀኑ ዳቦ ይዤላት እሄዳለሁ። ዳቦውን የሚጋግረው አባዬ ነው፤ እናቴ ታደርግ እንደነበረው ጥቁር አዝሙድ ጣል ያደርግበታል፤ ሌላው የእሷ ነገር ሁሉ ቢጠፋው ያ አልጠፋውም። ፍርፋሪውን መዳፌ ላይ አድርጌ ውኃው ውስጥ እነክራለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ትሸሸኝ ነበር። ከዚያ ትመጣለች፤ አፏን ከጣቴ ጋር እያነካካች ትበላለች። እኔ እለፈልፋለሁ። እናቴ እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ አባዬ ትናንት ሽንኩርት እንዳሳረረ፣ ትምህርት ቤት ስገባ የማገኛቸው ልጆች ስማቸው ማን ማን እንደሚሆን። ዛሬ ሳስበው ያሳዝነኛል፤ ያኔ ግን ሰው አለኝ ብዬ ነበር የምመለሰው።

የዓመቱ የመጨረሻ ናሙና ቀን ደረሰ። አባዬና ጋሼ ጭምቱ ከቀትር በኋላ ጀምረው መረብ ሲዘረጉ ዋሉ። ሦስተኛውን ጣቢያ ጨርሰው ወደ አራተኛው ሲቀዝፉ አየኋቸው፤ ለመመለስ ብዙ ይቆያሉ። እግሬን የምታጠብበትን ሳህን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። ቁራሽ ዳቦ ያዝኩ። ወደ ጉድጓዱ ሮጥኩ።

እሷ ምን ታውቃለች? መዳፌን ስዘረጋ እንደ ሁልጊዜው መጣች። ሆዷ እስኪነፋ አበላኋት። ከዚያ እጄን ከሥሯ አድርጌ ከነውኃው ወደ ሳህኑ አነሣኋት። አልታገለችኝም። ሳህኑን በሁለት እጄ ታቅፌ፣ ውኃው ደረቴን እያራሰኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስተኛው ጣቢያ ደረስኩ። ያን ቀን ወንዙ ቡናማ ለብሷል። አፍንጫ የሚበጥስ ሽታ አለው። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ፤ የመረቡን ገመድ ያዝኩ። ዓሣ ከመረብ ሲወጣ መቶ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማስገባት እሱኑ መገልበጥ ነው። ጭንቅላቷን በመረቡ ዓይን ውስጥ ገፋሁት፣ ክሩ ስንጥቧ ላይ፣ መተንፈሻዋ ላይ እስኪያዝ ድረስ። ያኔ ነው የታገለችኝ።

«ይቅርታ» አልኳት። «ይቅርታ፣ በቃ፣ ይቅርታ።»

አላወቅሁም ብዬ ራሴን መሸንገል እችል ነበር። አውቅ ነበር። ቀይ ክንፍ በዚያ ውኃ ውስጥ እንደማታድር ከአባዬ አፍ ሰምቻለሁ። ሆዷ እንደሚከፈትም አውቃለሁ። ከአባዬ ጋር ለመቅረት ያለኝ ነገር እሷ ብቻ ስለሆነች ሰጠኋት።

በማግስቱ ጠዋት ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ። አባዬ ጀልባዋ ላይ ጎንበስ ብሎ መረቡን ይስባል፤ ጋሼ ጭምቱ መቅዘፊያውን ይዞ ስለ ጎረቤቱ በሬ ያወራል። አምባዛ ወጣ። ሌላ አምባዛ ወጣ። ደግሞ ሌላ። ከዚያ የአባዬ እጅ ቆመ። ጋሼ ጭምቱም ከነበሬው ዝም አለ፤ ያ ሰው ሲናገር መሃል ላይ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምንድን ናት?» አለ ጋሼ ጭምቱ።

«እሷ ናት» አለ አባዬ።

«አትቀልድ።»

«እያት እስቲ።» ከመረቡ ሳያወጣት አገላበጣት። «ወደ ላይ ስትዋኝ አይደለም የተያዘችው። ጭንቅላቷ ወደ ታች ነው፤ ከዳር በኩል ነው የገባችው።»

ጋሼ ጭምቱ መቅዘፊያውን ጣለ። «ወርውራት! በሞቴ ወርውራት! ማን አየን? የሦስት ዓመት ልፋት በአንዲት ጣት በማታክል ዓሣ?»

«መረብ ውስጥ የገባ ሁሉ ይጻፋል።»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ?»

«ዛሬ የማይመቸኝን ከጣልኩ፣ ትናንት የጻፍኩትን ማን ያምነኛል?»

ጋሼ ጭምቱን ጠላሁት። የኔን ዓሣ፣ ያን ያህል ዋጋ የከፈልኩባትን፣ ወርውራት ይላል! ቀንቶብን ነው አልኩ፤ እኛ እንድንቀር አይፈልግም አልኩ። አባዬን ደግሞ ምን ያህል እንደወደድኩት አልነግራችሁም።

ቢሮው ውስጥ አባዬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛት። መዘነ፣ ለካ። በደቃቅ መቀስ ሆዷን ከፈተ። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ የተቀደደውን ክንፏን ብቻ ነው የማየው። ሆድ ዕቃዋን ነጭ ሳህን ላይ ዘርግቶ በመርፌ ፈለቀቀውና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው። ሳህኑ ላይ የራሰ ፍርፋሪ ነበር፤ ከፍርፋሪው መሃል ሦስት አራት ጥቋቁር ፍሬዎች። ጥቁር አዝሙድ ነው። አባዬ ፍሬዎቹን በመርፌው አንድ በአንድ ነጠላቸው።

«አጅሪት» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

«አቤት አባዬ።»

«ዳቦ የሚበላ ዓሣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ማን ይሆን ለዚች ዳቦ የሰጣት?»

«እኔ እንጃ።»

ዞረና አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። «ብትነግሪኝ አልቆጣሽም» አለኝ። «እንዲያውም ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከተናገርኩ «አለ» የተባለችው «የለም» ልትሆን ነው፤ የአክስቴ መኪና ልትመጣ ነው።

«ምኑን?» አልኩት።

«እሺ» አለ። እጁን ታጠበ፣ በሳሙና ደጋግሞ። ከዚያ ተቀምጦ ቅጹን ይሞላ ጀመር። ሁለት ቅጠል ነው፤ በመሃሉ ካርቦን አለው፤ አንዱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ አንዱ እኛ ጋ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጽፈው። ያን ቀን ብዙ ቆየ፤ ብዕሩን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ በመስኮቱ ያያል። ደስታው በዝቶበት ነው አልኩ። ሲጨርስ «ነይ፣ ፀጉርሽ ተፈቷል» ብሎ ጠርቶ ከጉልበቱ መሃል አስቀመጠኝና እንደ አዲስ ጎነጎነልኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳያስጨንቀኝ። ፀጉሬ ያን መድኃኒት ሸተተ። ዳንን፣ አልኩ በልቤ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው መጣ። ጫማውን አልፈታም። ቢሮው ውስጥ በር ዘግቶ የሚጮኸው ወንዙ ዳር ድረስ ይሰማል።

«በአንዲት ዓሣ! የሦስት ዓመት ሥራ በአንዲት ዓሣ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል አባዬ።

«አንተ? አንተ እንዲህ ያለ ነገር? ንገረኝ እንጂ፣ ሌላ ሰው አለበት?»

«የጻፍኩት ነው። ከጻፍኩት ሌላ የምለው የለኝም።»

«በአንዲት ዓሣ!» አለ ኃላፊው ዳግመኛ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ መረቦቹ ሥር ተወሽቄ ነገሩን ወዲያው አገኘሁት። አንዲት አልበቃችም። አንዲት ብቻ ናት ብለው ነው የተቆጡት። ሁለት ሦስት ባገኝ ኖሮ ይተዉን ነበር።

ከዚያ የሆነው ሁሉ እኔ እንደፈራሁት ሆነ። አባዬን በጭነት መኪና የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ሐይቅ፣ ድንኳን ውስጥ ወደሚኖርበት ሥራ መደቡት፤ ልጅ ይዞ የሚገባበት ቦታ አልነበረም። አክስቴ መጣች። ሻንጣዬን መኪናው ላይ ሲጭኑ የአባዬን ሱሪ ይዤ አለቀቅሁም።

«አባዬ፣ ሌላ እፈልግልሃለሁ» አልኩት። «ብዙ እፈልግልሃለሁ።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። «አትፈልጊ» አለኝ። «የኔ ልጅ፣ ከእንግዲህ ዓሣ አትፈልጊ።» እኔ ደግሞ ያቺን አንዷን ንቆብኝ መሰለኝና መኪናው ውስጥ ጀርባዬን ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ድረስ እሱ ጀርባዬን እያየ እንደቆመ ነው።

አክስቴ ቤት አልጋ ነበረኝ፣ ትምህርት ቤት ነበረኝ፣ የአክስቴ ጉንጉን ሳምንት ሙሉ አይፈታም። ያ የሚፈታው ጉንጉን እንዴት እንደናፈቀኝ! ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አባዬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከስቶ፣ ያው ሽታ እጁ ላይ። ስለ ዓሣዋ እኔም አላነሣሁም፣ እሱም አላነሣም። ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን፣ ስለ ትምህርት ይጠይቀኛል፣ ይሄዳል። ማታ ጣራ እያየሁ «ሁለት ብትሆን፣ ሦስት ብትሆን» እያልኩ እቆጥራለሁ። አድጌም፣ ልጅነቴን የተውኩ መስሎኝም፣ ያ ቁጥር ከውስጤ አልወጣም።

አባዬ የሞተው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተደገፈ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አጅሪት» ሲለኝ ነው ያወቅሁት። ጋሼ ጭምቱ አርጅቷል፤ ወሬው ግን አላረጀም፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ያን ቀን ለቀስተኛውን ሁሉ ትቶ ለኔ ብቻ አወራ።

«አባትሽ ያን ዓመት አልፎለት ነበር» አለኝ። «ቀይ ክንፏ ሦስት ዓመት በተከታታይ 'የለም' ከተባለች ፋብሪካው እድፉን ሳያጣራ እንዳይለቅ ይገደዳል፤ መሥሪያ ቤቱና ፋብሪካው የገቡት ውል እንዲህ ነበር። የሚጠብቀውም ያችን ሦስተኛዋን 'የለም' ነበር። ለሱም ዋናው መሥሪያ ቤት ቦታ ተዘጋጅቶለታል፤ ከተማ፣ ቤት አለው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ትምህርት ቤት አለ። ስላንቺ ትምህርት ቤት ሲያወራኝ መዋሉ! ወረቀት ላይ ሥሎ አሳይቶኛል፣ አልጋሽ የሚሆንበትን ሁሉ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

«ከዚያ ያቺ የተረገመች ዓሣ! ወርውራት ብዬው ነበር። እሱ ምን ብሎ ጻፈ? 'መረቡን ለመሞከር እኔ ያስገባኋት ናት፣ ማውጣት ረሳሁ' ብሎ። የፋብሪካው ሰዎች ምን ቸገራቸው፣ 'አንዴ ዓሣ የከተተ ሰው ሦስቱንም ዓመት ምን ሲሠራ እንደነበር ማን ያውቃል' አሉና ሥራውን በሙሉ አስጣሉት። ማጣሪያው የተሠራው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሦስተኛው ጣቢያ ላይ የቀረው አምባዛ ብቻ ነበር።» ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ቤቱ ሲዘጋ ይቺን ካርቦኗን አስቀረኋት። አጅሪት፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። መረቡን አብረን ነው የዘረጋነው። ዓሣ ሲከት አላየሁትም። ለምን እንዲህ ብሎ ጻፈ? አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?»

ሽማግሌው ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ ጠበቀ። የአባዬ መቃብር ገና አፈሩ አልደረቀም።

«አላውቅም ጋሼ» አልኩት።

እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ሁለት ጊዜ ካድኩ፤ የሚጠይቀኝ ሦስተኛ ሰው የለም።

ወረቀቷን ያን ዕለት ማታ ብቻዬን ከፈትኳት። የካርቦኑ ሰማያዊ ደብዝዟል፣ ጽሕፈቱ ግን የአባዬ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ሙቀት አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ሳህኑ የጠፋበት ጥልቀት አለ። ቀይ ክንፍ፦ አንድ። ማስታወሻው ጋሼ ጭምቱ እንዳለው ነው። ከሥሩ፣ የሆድ ይዘት በሚለው ቦታ፣ አንዲት ቃል አለች፦ «ባዶ»።

አሮጌ ጫማ ሳይቀር የጻፈው አባዬ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍርፋሪውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲያየው። ያን ዳቦ ጽፎ ቢሆን ኖሮ የማን ቤት ዳቦ እንደሆነ ይጠየቅ ነበር፤ እኔን በዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰው ፊት አቁመው ይጠይቁኝ ነበር። እኔም እዋሽ ነበር።

ቅጹን ላስተካክለው ብዬ ብዕር ያነሣሁበት ቀን አለ። እጄ እምቢ አለኝ፤ እሱ በጻፈው ላይ የኔ ጽሕፈት ምን ይሠራል። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ሦስተኛው ጣቢያ። ቀይ ክንፍ፣ አንድ፣ ግራ ክንፏ የተቀደደ። ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሆዷም ባዶ አልነበረም አባዬ፤ ዳቦ ነበረበት፣ አንተ የጋገርከው።